እትዬ ሞኒካ ትሑት አልነበሩም

በእትዬ ሞኒካ ቀብር ላይ የወንድማቸው ልጅ የሕይወት ታሪካቸውን አነበበ። «ትሑት፣ ታጋሽ፣ ከአፋቸው ክፉ ቃል የማይወጣ እናት ነበሩ» ይላል ወረቀቱ። ከኋላዬ የቆመው በረከት ሳቁን ለማፈን ብሎ ሳለ። በረከት ባጃጅ ነጂ ነው፤ በቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ውስጥ ወፍራሙን ድምፅ፣ ባሱን፣ የሚዘምረው እሱ ነው። የመዘምራኑ አለቃ እትዬ ሞኒካ ደግሞ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት አንድ ቀን ስሙን ጠርተውት አያውቁም፤ «ጀሪካን» ነበር የሚሉት። እሱ ሳቀ፤ እኔ ግን ተናደድኩ።

የአዳማ ነፋስ አቧራውን እያነሣ ወረቀቱን ከልጁ እጅ ሊነጥቅ ይታገል ነበር። ቢነጥቀው በወደድኩ። ሰው ሲሞት ምላሱ ላይ ስኳር መነስነስን ማን እንደጀመረው አላውቅም። እኚህ ሴት ክፉ ቃል ካልተናገሩ ያን ሁሉ ጊዜ ያስለቀሰኝ ማን ነው? አፋቸውን ከወሰዱባቸውስ ምን ይቀራቸዋል?

ስለዚህ እኔ የማውቃቸውን ሴት ልናገር። አልወዳቸውም ነበር። በኋላም ቢሆን ወደድኳቸው ለማለት አፌን አልሞላም። ግን ዛሬ አፌን ከፍቼ «ደህና አደራችሁ» የምለው በእሳቸው ነው።

የጂኦግራፊ መምህር ነበርኩ። ከአምስት ዓመት በፊት እንቅርት በቀዶ ሕክምና አስወጣሁ። እንቅርቱ በደህና ወጣ፤ ድምፄ ግን አብሮት ሄደ። የድምፅ አውታሬን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ደክሟል፣ ሊመለስም ላይመለስም ይችላል አለኝ ሐኪሙ። ይህ ሊያጋጥም እንደሚችል ቀድሞ ነግሮኝ፣ እኔም ፈርሜ ስለነበር የምቆጣው ሰው እንኳ አልነበረኝም። ከአፌ የሚወጣው ከተነፈሰ ጎማ የሚወጣ አየር የመሰለ ነገር ነበር። ስድሳ ልጅ በታጨቀበት ክፍል ስለ ስምጥ ሸለቆ በሹክሹክታ ማስተማር አይቻልም። ተማሪዎቹ «ሹክሹክ» የሚል ስም አወጡልኝ። ርዕሰ መምህሩ ወደ ቤተ መጻሕፍት አዛወረኝ፤ «እዚያ የሚፈለገው ጸጥታ ነው» አለኝ። ማጽናናቱ ነበር።

ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት እያቃተኝ ስንት ጊዜ ከመውረጃዬ አልፌ መናኸሪያ ድረስ እንደተወሰድኩ ቆጥሬ አልጨርሰውም። የሚደውልልኝ ሰው «ሄሎ፣ ሄሎ፣ አይሰማም» ብሎ ይዘጋል። ጓደኞቼ መጀመሪያ አዘኑልኝ፤ ከዚያ እኔ የምለውን ለመስማት ጎንበስ ማለት ሰለቻቸው። እኔም በበኩሌ ሁሉንም ጠላሁ። ከሁሉ የባሰ ደግሞ ጮክ ብሎ የሚስቅ ሰው እጠላ ነበር።

ከሥራ ስወጣ ቤተ ክርስቲያን ገብቼ መቀመጥ የጀመርኩት ያኔ ነው። አባቴ ከከምባታ የመጣ ካቶሊክ ነበር፤ አስጠምቆ፣ አስቆርቦ አሳድጎኛል። እሱ ከሞተ በኋላ ግን ከገናና ከፋሲካ በስተቀር ደጁን አልረግጥም ነበር። አሁንም የገባሁት ለጸሎት አይደለም። በሥራ ቀን ከሰዓት በኋላ ባዶ ነው፣ ከውጭው ሐሩር ይሻላል፣ ማንም አያናግረኝም።

አንድ ማክሰኞ ስገባ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ኦርጋን የሚለማመዱ አጭርና ቀጭን ሴትዮ አገኘሁ። ሽበታቸው እንደ ወንድ አጥሮ ተቆርጧል፤ ያደረጉት የወንድ ጫማ ነው። መጫወታቸውን አቁመው ዞሩና አዩኝ።

«እዚህ የሚቀመጥ ሰው ወይ ይጸልያል ወይ ይዘምራል» አሉ። «አንቺ የቱን እያደረግሽ ነው?»

ድምፅ እንደሌለኝ በሹክሹክታና በእጄ ነገርኳቸው። ተነሥተው መጡና ሳይጠይቁኝ ሻርፔን ገለጡት። ዶሮ እንደሚገዛ ሰው አገጬን ቀና አድርገው፣ ጠባሳውን በጣታቸው ዳብሰው አዩት።

«ስፌቱ ጥሩ ነው። እጅሽስ ይሠራል?»

ራሴን ነቀነቅኩ።

«እንግዲያው ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት መጥተሽ የመዝሙር ደብተር ግለጪልኝ። ለማልቀስ ከሆነ ቤትሽ አለልሽ።»

እያለቀስኩ አልነበረም። ይህንን ልነግራቸው ብፈልግ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ሄደዋል፤ ከኋላ ጮሄ የምጠራበት ድምፅ የለኝም። ሳምንቱን ሙሉ ነገሩ ሲከነክነኝ ከረመ። ቅዳሜ «አላለቀስኩም» ብዬ በወረቀት ጽፌ ሄድኩና ሰጠኋቸው። አነበቡት፤ ገለበጡትና በጀርባው የዕለቱን መዝሙሮች ተራ ጻፉበት። ከዚያ ወደ ወንበሩ በአገጫቸው አመለከቱኝ። ተቀመጥኩ። ለምን እንደተቀመጥኩ እስካሁን አላውቅም።

እትዬ ሞኒካ ዕድሜያቸውን የጨረሱት በወንጂ በኩል ባለ ክሊኒክ በነርስነት ነው። ልጅ ሳሉ ያሳደጓቸው የካቶሊክ መነኮሳት ሲስተሮች ኦርጋን አስተምረዋቸዋል። ባላቸው ቀድሟቸዋል፤ ያለችው አንዲት ልጅ ቤይሩት ናት፤ ከስንት አንዴ ነው የምትደውለው። ይህን ሁሉ የነገረኝ በረከት ነው። እሳቸው ስለ ራሳቸው አያወሩም፤ ስለ እኛ ጥፋት ለማውራት ጊዜው ራሱ አይበቃቸውም ነበር።

የምንለማመደው ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለ የቆርቆሮ አዳራሽ ነው። በዘጠኝ ሰዓት ፀሐይ ጣራው እየሰፋ ይንጣጣል፣ በመስኮቱ አቧራ ይገባል። አሥራ አራት ሰው እንሆናለን። እትዬ ሞኒካ የቁልፍ ዘለላቸውን የኦርጋኑ እንጨት ላይ እየመቱ ምቱን ይቆጥራሉ፤ ሲናገሩም ሲሰሙም ዓይናቸው የሰው አፍ ላይ ነው። ጥፋት የሚፈልጉ ይመስለኝ ነበር። ቀጭን ድምፅ የሚዘምሩትን ሶፕራኖዎቹን «ድመት የረገጣችሁ ትመስላላችሁ» ይሏቸዋል። አንዲት ልጅ ጉንፋን ይዞኝ ነው ብትላቸው፣ ያ ጉንፋን ሦስት ዓመት የቆየ ከሆነ ለሐኪም ብታሳይ እንደሚሻል ነገሯት። ከልምምድ በፊት ሁልጊዜ ቄሳችን አባ ዘንድ ሄደው ንስሐ ይገባሉ። በረከት፣ «ከልምምድ በኋላ ቢገቡ አይሻልም ነበር?» እያለ ይስቃል።

አንድ ቀን አንዱን ስንኝ ለአምስተኛ ጊዜ ሲያስደግሟቸው መዘምራኑ አጉረመረሙ። እትዬ ሞኒካ መቁጠሪያቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አንጠለጠሉት።

«እመቤታችንን አምሳ ጊዜ በአንድ ቃል እንጠራታለን፤ ሰልችቶኛል ብላ አታውቅም» አሉ። «እናንተ ከእሷ ትበልጣላችሁ? ከመጀመሪያው።»

ለሁለት ወር ገደማ ደብተር ገለጥኩ። ከዚያ አንድ ቅዳሜ፣ ከነገ ወዲያ ከሥራ ስወጣ ቤታቸው እንድመጣ አዘዙኝ። ልመናም ጥያቄም አልነበረበትም። ቤታቸው ከመናኸሪያው ጀርባ ያለች አንድ ክፍል ናት፤ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ የእመቤታችን ሥዕል፣ የልጃቸው ፎቶ። አልጋው ላይ አስተኙኝና ሆዴ ላይ ሁለት ኪሎ ስኳር ከነላስቲኩ አስቀመጡ።

«አንሺው።»

እጄን ስዘረጋ መቱኝ። በእጅ ሳይሆን በትንፋሽ ነው የሚነሣው። ስተነፍስ ስኳሩ ከፍ እንዲል፣ ስለቅቀው ቀስ ብሎ እንዲወርድ ነው የሚፈልጉት። እኔ ደግሞ ካመመኝ ጀምሮ እንደ ሌባ ነበር የምተነፍሰው፤ ከአንገቴ በታች አየር አይወርድም። በየሁለት ቀኑ እየሄድኩ ስኳር ሳነሣ ከረምኩ። ቀጥሎ ቁጭ አድርገው፣ መዳፋቸውን ጀርባዬ ላይ አሳርፈው መቁጠሪያ ያስደግሙኝ ጀመር። በአንድ ትንፋሽ አንድ ጸሎት። እሳቸው በድምፅ ይላሉ፣ እኔ በሹክሹክታ እከተላለሁ። ስሳሳት ጀርባዬን ይመቱኛል። አንዳንዴ ጸሎት ይሁን ቅጣት አይለይም ነበር።

በስንተኛው ሳምንት እንደሆነ አላስታውስም፤ «ማርያም» በሚለው ስም መጨረሻ ላይ ከንፈሬ ሲገጥም እትዬ ሞኒካ በድንገት «መጣ» አሉ። እኔ ምንም አልሰማሁም። «ድገሚው» አሉ። ደገምኩት። «ም» የምትለዋ ፊደል ደረቴ ውስጥ እንደ ንብ እም አለች። አፍንጫዬ ተንቀጠቀጠ፣ ጥርሴ በላኝ። ሦስተኛ ስለው ሰማሁት። የእኔ ድምፅ ነው፤ ትንሽ፣ ሻካራ፣ የእኔ።

ያን ቀን አለቀስኩ። እትዬ ሞኒካ መሐረብ ወረወሩልኝና ገና ሠላሳ ሁለት ይቀረናል አሉኝ። ቀጠልን። ከቤታቸው ወጥቼ እስከ ፖስታ ቤት በእግሬ ስሄድ፣ በሰው መሐል፣ በባጃጅ ጩኸት መሐል «ም... ም...» እያልኩ ነበር። አንዲት ቆሎ ሻጭ አየችኝና ፈገግ አለች። እኔም ፈገግ አልኩላት። ከስንት ጊዜ በኋላ ሰው ሲያየኝ ያልተናደድኩበት ቀን ያ ነው።

ከዚያ በኋላ ድምፄ ቀስ በቀስ መጣ፤ ግን እንደተሰበረ ሳህን ነበር፤ አንዱ ቦታ ይይዛል፣ ሌላው ቦታ ይሰነጠቃል። ፋሲካ ሲደርስ እትዬ ሞኒካ ወፈር ባለ ድምፅ ከሚዘምሩት ሴቶች፣ ከአልቶዎቹ ጋር ቁሚ አሉኝ። አልደረስኩም አልኳቸው። ድምፁ እስኪደርስ የሚጠብቅ ሰው ሲሞት ያፏጭ ይሆናል እንጂ አይዘምርም አሉኝ። ቆምኩ። ቤተ ክርስቲያኑ እስከ በሩ ሞልቷል። አልቶዎቹ ብቻቸውን የሚያዜሙበት ቦታ ላይ ስንደርስ ድምፄ እንደ ዶሮ ጫጩት ጮኸና ተሰበረ። ፊት ለፊት የተቀመጡ ልጆች ሳቁ። እናታቸው በክርኗ ስትመታቸው እሷም እየሳቀች ነበር። እስከ ቅዳሴው ፍጻሜ አንገቴን ደፍቼ ቆምኩ።

ግቢ ውስጥ ሰው «እንኳን አደረሳችሁ» እየተባባለ ሲሳሳም እትዬ ሞኒካ መጥተው ፊቴ ቆሙ።

«ጥሩ ነበር» አሉኝ።

የሚያሾፉብኝ መሰለኝ። ሌላ ምን ሊመስለኝ ይችላል? ለዚያ ሁሉ ወራት ጥሩ የሚል ቃል ለማንም ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። ደሜ ፈላ። አንቱ ማለቱም ጠፋኝ።

«ልጅሽ ቤይሩት የሄደችው ሥራ ፍለጋ አይደለም» አልኳቸው። «ካንቺ ሸሽታ ነው።»

ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ ያለ አንዳች መሰንጠቅ ከአፌ የወጣ የመጀመሪያው ሙሉ ዐረፍተ ነገር ይህ ነው። ጥርት ብሎ ነው የወጣው። በአጠገባችን የነበሩት ሁሉ ሰምተው ዞረው አዩን። እትዬ ሞኒካ አፌን እያዩ ቆዩ። ፊታቸው አልተለወጠም።

«እውነት ነው» አሉ። «ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ልምምድ አለ።»

አልሄድኩም። በቀጣዩም አልሄድኩም። ሁለት ወር ያህል ቀረሁ። ይቅርታ ለመጠየቅ ኩራቴ ከለከለኝ፤ ደግሞም እሳቸው አስቀድመው አዋርደውኛል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ግን ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ቤት ውስጥ መቀመጫ አጣለሁ። ድምፄም ተመልሶ መድከም ጀመረ። በረከት መንገድ ላይ ባገኘኝ ቁጥር ባጃጁን ያቆምና ምንም ሳይል የሰሞኑን መዝሙር ባስ ያንጎራጉርልኛል፤ ከዚያ ይሄዳል። ሰው እንዲህም ይለመናል።

በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ሄድኩ። ይቅርታዬን በሦስት ዐረፍተ ነገር አዘጋጅቼ ነበር። አዳራሹ በር ላይ እትዬ ሞኒካን አገኘኋቸውና የመጀመሪያውን ስጀምር፣ «ደብተሩ ጠረጴዛው ላይ ነው» ብለውኝ አለፉ። ሁለቱ ዐረፍተ ነገሮች አፌ ውስጥ ቀሩ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

መዝሙሩ መሐል ላይ መብራት ጠፋ። ለአዳማ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ማራገቢያው ዞሮ ዞሮ ቆመ፣ ኦርጋኑ ጸጥ አለ። መዘምራኑ አንድ በአንድ አቆሙ። እትዬ ሞኒካ ግን መጫወታቸውን ቀጠሉ። ዓይናቸው ደብተሩ ላይ ነው፣ እግራቸው ምቱን ይመታል፣ ጣቶቻቸው ይሮጣሉ። የሚሰማው የፕላስቲኩ ቁልፎች ደረቅ ኳኳታ ብቻ ነው።

ያን ጊዜ ነው ሁሉም ነገር የገባኝ። የሰው አፍ ላይ የሚተከለው ዓይን፤ ጀርባዬ ላይ የሚያርፈው መዳፍ፤ እኔ ራሴ ሳልሰማው «መጣ» ያሉት። እኚህ ሴት መቼ እንደጀመራቸው እንጃ፣ ጆሯቸው ሄዷል። የፋሲካ ዕለት ድምፄ ሲሰበር አልሰሙትም። ያዩት ደረቴ ሞልቶ ሲተነፍስ ነው። «ጥሩ ነበር» ያሉኝ ከልባቸው ነው።

የመጀመሪያው በረከት ነው። ከቆመበት ቦታ ሳይንቀሳቀስ ባሱን አነሣ። ቴነሮቹ ተከተሉት፣ ከዚያ ሴቶቹ። እኔ ገጹን በሰዓቱ ገለጥኩ። ለሞተ ኦርጋን፣ በጣቶቻቸው ፍጥነት፣ እሳቸው እንዳያውቁ እስከ መጨረሻው ዘመርን። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ አድርገን ዘምረን አናውቅም።

ሲጨርሱ እጃቸውን አነሡ። ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ። ዓይናቸው ኦርጋኑ ጥግ ያለችው ትንሿ ቀይ መብራት ላይ ወደቀ። አትበራም። ረጅም ጊዜ አዩዋት። ከዚያ ሁላችንንም በየተራ አዩን።

«ማን ነው ዘምሩ ያላችሁ?» አሉ። «እኔ ለማኝ ነኝ? የማንን ምጽዋት ነው የምታበሉኝ?»

ቁልፋቸውን አንሥተው ወጡ።

ሮጬ ደረስኩባቸው። ከኋላ መጥራት ዋጋ እንደሌለው አሁን አውቄያለሁ፤ ፊታቸው ሄጄ ቆምኩ። አፌን እንዲያዩ ቀስ ብዬ ተናገርኩ። እኔ ድምፅ ሳይኖረኝ ዘምሪ ያሉኝ እርስዎ ነዎት፤ ያ ምጽዋት ካልነበረ ይህም አይደለም አልኳቸው። የፋሲካውንም ይቅርታ እዚያው ጠየቅኳቸው። እሳቸው ግን ላለፉት ስድስት ወራት ስለ ድምፃችን የሰደቡን ሁሉ በግምት እንደነበር ነገሩኝ።

«ግምትዎ ልክ ነበር» አልኳቸው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ አየሁ። አስቀያሚ ሳቅ ነው፤ እንደ ሳል።

ከዚያ ወዲያ እኔ ጆሮ ሆንኩላቸው። ወንበራቸው ላይ አብሬያቸው እቀመጣለሁ፤ መዘምራኑ ከቃናው ሲወርዱ ጉልበታቸውን እጫናለሁ፤ ስዘምር ግራ እጃቸው ጀርባዬ ላይ ያርፋል። አባ ሌላ ሰው እንዲተካቸው ሐሳብ ያቀረቡ ሰዎች እንዳሉ ሲነግሯቸው፣ መስማት የእግዚአብሔር ሥራ ነው፣ የእኔ መጫወት ነው ብለው መለሱላቸው። አባ ከዚያ በኋላ ነገሩን አላነሡትም። ጠባቸው ግን አልተሻሻለም፤ እንዲያውም ባሰ። መስማት ስላቆሙ መልስ አይሰሙም፤ የፈለጉትን ተናግረው ፊታቸውን ያዞራሉ። እኔ ደግሞ ድምፄ ስለተመለሰ እጮኽባቸዋለሁ። ሰፈሩ ሁሉ እኔን ነበር የሚሰማው። ጎረቤታቸው አንድ ቀን፣ «እናትሽ ናቸው?» ብላ ጠየቀችኝ። «ጓደኛዬ ናቸው» አልኳት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ እኔው ራሴ ገረመኝ።

በዓመቱ የየከተማው መዘምራን ሻሸመኔ ላይ ሲገናኙ እኛም ሚኒባስ ተከራይተን ሄድን። ሞጆን፣ መቂን፣ ባቱን አልፈን እስክንደርስ እትዬ ሞኒካ ሾፌሩን ከፊት ወንበር ሆነው ሲሰድቡት ነበር። ዝግጅቱን የሚመራው ወጣት እሳቸው እንደማይሰሙ ሲነገረው፣ የሌላ ከተማ ኦርጋኒስት ይጫወትላችሁ ብሎ በትሕትና ሐሳብ አቀረበ። እትዬ ሞኒካ አፉን አይተው ጨረሱና አለፉት፤ ሄደው ኦርጋኑ ላይ ተቀመጡ።

ብቻዬን የማዜመው ስንኝ ነበረኝ። ሲደርስ ትንፋሽ ሳብኩ። መዳፋቸው ጀርባዬ ላይ ነበር፤ ገፋ አደረጉኝ፣ ልክ በር እንደሚከፍት ሰው። ድምፄ ወጣ። ሻካራ ነው፣ ድሮ እንደነበረው አይደለም፤ ግን ሞልቶ ወጣና እስከ አዳራሹ ጫፍ ሄደ። በረከት ከሥር ያዘኝ፣ ሌሎቹ ከላይ መጡ። በሕይወቴ እንደዚያ የተደሰትኩበትን ሰዓት አላስታውስም። ሰውነቴ ሁሉ ይዘምር ነበር። አባቴ ካስጠመቀኝ ጀምሮ ስለ ጸጋ ሲሰበክ ሰምቻለሁ፤ ነገሩ የገባኝ ግን እዚያ ነው፣ የአንዲት ክፉ አሮጊት እጅ ጀርባዬ ላይ ሳለ። ጭብጨባው ሲነሣ ወደ እሳቸው ዞርኩ። ጭብጨባውን ማየት እንጂ መስማት አይችሉም፤ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር።

ወደ አዳማ ስንመለስ ባቱ ላይ፣ «ሁለተኛው ስንኝ ላይ ትንፋሽሽን ቀድመሽ ለቅቀሻል» አሉኝ።

ዘንድሮ እግራቸው አበጠ፣ ትንፋሽ አጠራቸው። ልባቸው ነው ተባለና አዳማ ሆስፒታል ተኙ። እዚያም ነርሶቹን ስለ ግሉኮስ አሰቃቀል ሲያርሟቸው ዋሉ። በአጠገባቸው ያለው አልጋ ላይ ከአርሲ፣ ከዴራ የመጡ እማማ ፋጡማ የሚባሉ አሮጊት ነበሩ። ሁለቱ በምልክት ይግባባሉ። እማማ ፋጡማ ሙስባሃቸውን፣ እትዬ ሞኒካ መቁጠሪያቸውን ይዘው ጎን ለጎን ሲቆጥሩ አንድ ቀን አየሁ፤ እትዬ ሞኒካ ሴትዮዋ እንዳይቀድሟቸው በዓይናቸው እየተከታተሉ ነበር።

አባ ምሥጢረ ቀንዲል ፈጽመውላቸው ከሄዱ በኋላ፣ ከሰዓት ላይ፣ እትዬ ሞኒካ እጃቸውን አነሡ። ወዴት ሊያደርጉት እንደፈለጉ ስለገባኝ ጎንበስ ብዬ ጉሮሮዬ ላይ አስቀመጥኩላቸው። በሻሸመኔ የዘመርነውን ዘመርኩ፤ በሽተኛ እንዳልረብሽ ዝግ አድርጌ። ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው ሲያዳምጡኝ ቆዩ። ከዚያ ፊታቸው ተኮሳተረ።

«ከፍ አድርጊው» አሉ። «እቺ ሴትዮ አልሰማችም።»

ከፍ አደረግኩት። እማማ ፋጡማ ወደ እኛ ዞረው ተኙና እስክጨርስ አዩኝ።

በማግሥቱ ከሥራ ወጥቼ ስደርስ የእትዬ ሞኒካ አልጋ ተነጥፎ ነበር፤ አዲስ አንሶላ፣ ማንም የለበትም። ጠዋት ነው ያረፉት አሉኝ። ወደ እኔ ሲደውሉ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስልኬን ዘግቼው ነበር። ያመጣሁትን ሾርባ ይዤ ቆምኩ። ንዴት ነው የተሰማኝ፤ ሳይነግሩኝ፣ እንደ ልማዳቸው፣ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ሄዱ።

እማማ ፋጡማ ከአልጋቸው ቀና ብለው እጄን ያዙኝ። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አይዞሽ» አሉኝ።

«ዛሬ አትዘምሪም?» አሉ።

ለማን ብዬ ነው የምዘምረው አልኳቸው።

«እሷ ብትሄድ እኔ አለሁ አይደል?»

ሾርባውን ቀድቼ ሰጠኋቸው። ከዚያ የተነጠፈው አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ፣ ሆዴ እስኪነፋ ትንፋሽ ሳብኩ፣ ለእማማ ፋጡማ ከመጀመሪያው ስንኝ ጀምሬ እስከ መጨረሻው ዘመርኩላቸው።